ቦርሳውን ከእግሩ ያሰረው ሰው

ኢቮኔቺ በሪዮ ባሕር ዳርቻ ወንበርና ጥላ ስታከራይ ኖራለች፤ በጫማና በካልሲ አሸዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ሽማግሌው ቱሪስት ቦርሳውን ከቁርጭምጭሚቱ አስሮ የሚያልፈውን ሁሉ በዓይኑ ይሸኛል። የሰጠችውን ኮኮናት እንኳ አሽትቶ ነው የጠጣው።

"ሌባ ይሆን?" አለችው ኮኮናት ሻጩን።

"ሌባማ ቢሆን ዘና ይል ነበር!"

ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ በካልሲ ነው እንዴ የሚዋኙት?"

"ከዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር መጥተን እዚሁ ካሜራችን ተሰረቀ" አላት በተሰባበረ ፖርቱጋልኛ። "የመጨረሻ ፎቶዎቿ እዚያ ውስጥ ነበሩ። እሷ ከተማችሁን ትወዳት ስለነበር፣ ለከተማዋ አንድ ዕድል ልስጣት ብዬ ተመለስኩ።"

ዕድል የሚሰጥ ሰው እግሩን ያስራል? ኢቮኔቺ አላመነችውም።

ወዲያው ከጎኑ የተቀመጠች ወጣት ስልኳንና ቁልፏን እግሩ ሥር አስቀመጠች። "አባባ፣ ዕቃዬን አንዴ ይዩልኝ!" ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ማዕበሉ ሮጠች።

ሰውዬው ደነገጠ። "ታውቀኛለች እንዴ?"

"ከየት አውቃዎት? እዚህ የሚዋኝ ሁሉ አጠገቡ ላለው ሰው ነው አደራ የሚሰጠው።"

ልጅቷ እስክትመለስ ድረስ በዕቃዋ ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀላት። አመስግናው ተጋደመች። እሱ ግን ብዙ ቆይቶ ማሰሪያውን ፈታ፤ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፤ ቦርሳውንም ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገው።

"ዕቃዬን... አንዴ እዪልኝ።"

"ይሂዱ አባባ፣ ባሕሩ አይሰርቅዎትም!"

ሄደ። ግን ፊቱን ወደ ቦርሳው አድርጎ፣ የኋሊት እየተራመደ ነበር፤ ማዕበሉም ከኋላው መጥቶ እስከ ወገቡ አራሰው።