ልጆቹ ጮክ ብለው እንዲዘምሩ ወደ ቁስቋም ጫካ የወጣንበት ቅዳሜ

የዋሸሁት ለልጆቹ ፈርቼ ነው ወይስ ለራሴ? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርኩ እንጃ፤ መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። ያገኘሁት የዚያን ቀን ማስታወሻዬን ነው። በአንድ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ ስም የለውም። በደርግ ጊዜ የሰው ስም በወረቀት ማስፈር ደግ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ የምታነቧቸውን ስሞች ያወጣሁት አሁን ነው፤ ሰዓቶቹን ግን አልነካኋቸውም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ፤ ዊንጌት

ሰዓት እላፊ ያበቃው ገና አሁን ነው። ጥቅምት ስለሆነ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። በሬን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ወጣሁ። በዘንቢሌ ውስጥ ስምንት ዳቦ፣ አንድ ትንሽ ጀሪካን ውሃና የታጠፈ ባዶ ጆንያ አለ። ጆንያው ለሽፋን ነው፤ ጠያቂ ቢመጣ ቅጠል ልንለቅም ነው የምንወጣው። መጽሐፍ ቅዱሴን ቤት ትቼዋለሁ፣ ጥቅሶቹን በቃሌ ይዣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለያንዳንዷ ቃል ይሳሳል። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እየደረደርኩ የምኖር ሴት ነበርኩ፤ አንድ መጽሐፍ ካለቦታው ገብቶ ካየሁ ሳላስተካክል አላልፍም።

የመጀመሪያው ውይይት ታክሲ መጣ። ስሙኒ ከፍዬ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን ገባሁ። ጢሙ የሸበተ፣ አንገቱ ላይ የሱፍ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው።

«እትዬ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«ቅጠል ልለቅም።»

ጆንያዬን አየ፣ ፊቴን አየ። «ቅጠል ለቃሚ መነጽር ሲያደርግ ዛሬ ገና አየሁ።»

እጄ ዘንቢሉ ላይ ጠበቀ። እሱ ግን ሳቁን ለቀቀውና ማርሹን ለወጠ። «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ የምጠይቀው ስሙኒ ብቻ ነው። እሱንም ከፍለዋል።»

እግዚአብሔር ይስጠው። በዚያ ዘመን አይቶ ያላየ ሰው ትልቅ ውለታ ይውል ነበር።

12 ሰዓት፤ ጳውሎስ

ሆስፒታሉ በር ላይ ከገጠር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዲት ሴት ከፔርሙስ ሻይ ትቀዳለች። ብርጭቆው ይፋጃል፤ እጄን አሞቅኩበትና ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ከአንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር አለ፣ ሥሩ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አቅፎ ያንጎላጃል። እንዳልቀሰቅሰው በጫማዬ ጫፍ አለፍኩ።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ሽሮ ሜዳ

ጋሽ ዳና በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው መጥተው እዚህ ያረጁ ሸማኔ ናቸው፤ «ያረጁ» ስል አርባ አምስት ቢሆናቸው ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መሸመን ወገብን ቀድሞ ያስረጃል። ከኋላቸው ስድስት ልጆች፣ ትንሹ አምስት ዓመቱ፣ ትልቋ ስምንት። የራሳቸው ልጅ ሠናይት ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ባቢ ገና ዘጠኝ ወሩ ስለሆነ ከእናቱ ጋር ቀርቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት አለብኝ። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ትልልቆቹ ሁለት ሦስት እየሆንን በየቤቱ እንጸልይ ነበር፤ ልጆቹን ግን ሁሉም ፈራቸው። «ልጅ ያወራል» ተባለ። ይህ አላስችል ብሎኝ ጋሽ ዳና ቤት ሄድኩና «እነሱስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡና «ቅዳሜ ቅዳሜ አምጫቸው፤ እኔ እሸምናለሁ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው መወርወሪያውን ሲወረውሩና ማጉን ሲመቱ፣ ቻክ ቻክ የሚለው ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። ልጆቹ በዚያ ድምፅ ሥር በሹክሹክታ ይዘምራሉ። መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው ካለፈ ጋሽ ዳና እጃቸውን ያቆማሉ፤ መዝሙሩም በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ልጅ ቁጭ ብሎ የሚያይበት አምልኮ ልጁን አያሳድገውም ብዬ አምን ስለነበር ለያንዳንዳቸው ሥራ ሰጠሁ። አንዷ ጥቅሱን በቃሏ ትላለች፣ አንዱ የታመመ ሰው ስም እየጠራ ያስጸልያል፣ ትንሹ «አሜን» የሚባልበትን ቦታ ይጠብቃል፤ ቀድሞ ካለ አስደግመዋለሁ። ጸሎቱን በቤታቸው ቋንቋ ማድረስ የሚፈልግ በቋንቋው ያደርሳል። እኔ አንዲት ቃል ባልሰማም እግዚአብሔር ይሰማል ብያለሁ።

ታዲያ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዱ ልጅ «ለምንድነው ቀስ የምንለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቀበሌው ብነግረው ነገ ሜዳ ላይ ያወራዋል ብዬ ፈራሁ። «እግዚአብሔር ጩኸት አይወድም፤ ቀስ ብሎ የሚናገረውን ነው የሚሰማው» አልኩ። ስድስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ «አሜን» ካለቦታው ሲገባ የማላልፍ ሰው፣ ይህን አልኩና አለፍኩ።

ዛሬ ልንወጣ የተነሳነው ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ በሙሉ ድምፃቸው ይዘምሩ ብለን ነው። ሐሳቡ የጋሽ ዳና ነው።

2 ሰዓት ተኩል፤ ቁስቋም

ዳገቱ ጀመረ። ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ። ጋሽ ዳና ትንሹን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ይከተሏቸዋል። እኔና ሠናይት ከኋላ ነን።

ከቁስቋም ማርያም ቅጥር ውስጥ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። በዓል ነበር መሰለኝ። የካህናቱ ዜማ በግንቡ ላይ ተርፎ ዳገቱ ላይ ይፈሳል። እኔ ደስ አለኝ። ሠናይት ግን ቆመች፤ እጄን ሳበችው።

«እትዬ፣ እነሱን ማንም አልነገራቸውም እንዴ?»

«ምኑን?»

«እግዚአብሔር ጩኸት እንደማይወድ።»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ ድምጿ ሹክሹክታ ነው። «ባቢ እኮ በጸሎት መሃል ጮኸ። ከዚያ ትክትክ ያዘው። አሁን ሊያለቅስ ሲል አፉን እይዝለታለሁ።»

ትክትኩ ሕፃኑን ከወር በላይ አሠቃይቶት ነበር። በዚያች ትንሽ እጇ ወንድሟን ከእግዚአብሔር ቁጣ ስትሸሽግ ታየኝ።

«አፉን አትያዢው፤ ይታፈናል» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

4 ሰዓት፤ ጫካው

ገላጣ ቦታ አገኘን። ከታች አዲስ አበባ በጭስ ውስጥ ተኝታለች፤ የቆርቆሮ ጣሪያ እዚህም እዚያም ያብለጨልጫል። ዳቦውን ቆርሰን በላን። ከዚያ ልጆቹን በግማሽ ክብ አቆምኳቸው።

«ዛሬ እንደፈለጋችሁ ጮክ ብላችሁ ዘምሩ። እዚህ ይቻላል።»

ሠናይት እጇን አወጣች። «ጫካ ውስጥ እግዚአብሔር አይሰማም?»

ጋሽ ዳና እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ልጆቹም ተከተሏቸው። እኔ አልሳቅኩም።

«ጀምሩ» አልኩ። አንዱም አልጀመረም። ወደ ጋሽ ዳና ያያሉ፣ እግራቸውን ያያሉ። በኋላ እሳቸው ገባቸው፤ «የሽመናውን ድምፅ ነው የሚጠብቁት» አሉና ሁለት ጭራሮ አንስተው የወደቀ ግንድ ላይ ቻክ ቻክ ያደርጉ ጀመር። ልጆቹ ወዲያው ዘመሩ፤ በሹክሹክታ። ጋሽ ዳና በረታ አድርገው መቱ። የትልቋ ድምፅ ወጣ፣ ሰነጠቀ፣ ራሷም ደንግጣ ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ትንሹማ መዝሙሩን ትቶ ዝም ብሎ ይጮኻል። አምስቱ ጫካውን ሞሉት። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት።

ሠናይት ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አጠገቧ ያለውን ልጅ እጅጌውን ትጎትታለች፣ ቀስ እንዲል።

ድንገት ጋሽ ዳና እጃቸውን አቆሙ። ልጆቹም አብረው ጸጥ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ጀርባዋን ያጎበጠ የእንጨት ሸክም የያዘች ሴት ወጣች፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። አየችን፣ ባዶውን ጆንያ አየች።

«ምነው ተዋችሁት?» አለች እያለከለከች። «እሱን እየሰማሁ እኮ ነው ሸክሙን የረሳሁት።»

ጋሽ ዳና «ልጆቹ እየተጫወቱ ነው እንጂ…» አሉ።

«ይጫወቱ! ምን ያስፈራችኋል? እዚህ የሚዞረው የደን ጥበቃ ነው። እሱ እንደሆነ እንጨቴን እንጂ መዝሙራችሁን አይወርስም።» ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እናንተ ልጆች፣ እደጉ» ብላ መርቃ ቁልቁል ወረደች። ስሟን አልጠየቅናትም፣ ስማችንን አልጠየቀችንም። እስከ ዛሬ ሳስባት አመሰግናታለሁ።

7 ሰዓት፤ ቁልቁለቱ

ጆንያው ለእውነት ቅጠል ሞልቷል። ልጆቹ ከፊት ይሮጣሉ። ጋሽ ዳና አጠገቤ ሆነው ዝግ ብለው ይራመዳሉ።

«ብርቄ፣ ልጄን አየሻት?»

«አየኋት ጋሼ።»

«ድሮ በድምጿ ጎረቤት ያማርር ነበር። ‹ይቺን ልጅ ገበያ ላይ የሸማ ገዢ አስጠሯት› ይሉኝ ነበር። አሁን እንደ አይጥ ነው የምታወራው።» ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «ቀበሌ ሦስት ሳምንት የያዘኝ ጊዜ፣ ሲወስዱኝ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ ነኝ ድምጿን ያጠፋሁት።»

አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ከአራት ሰዓት በፊት ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። «አይዞዎት፣ ይመለሳል» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ማስታወሻዬ ላይም ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

10 ሰዓት፤ ዊንጌት

ደህና ገባሁ። ማንም አላስቆመን፣ ማንም አልጠየቀን። ስለ አምስቱ ድምፅ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ስለ ስድስተኛዋ ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅኩም።

አሥራ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ፤ ሽሮ ሜዳ

በነዚህ ሳምንታት ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ ጀመርኩ። ጋሽ ዳና ተቆጥተው ቤታቸውን ቢዘጉብንስ? እውነቱን ስትሰማ ልጅቷ ለጎረቤት ብታወራውስ? ምክንያት አላጣሁም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ የሠናይትን የቅዳሜ ጥቅስ ላደርስ ጎራ አልኩ። ጋሽ ዳና ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። ሠናይት መደቡ ላይ ተቀምጣ ማጉን በሸምበቆ ቀሰም ላይ ታጠነጥናለች፤ ባቢ አጠገቧ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ስል ልጅቷ የጸሎት ሰዓት የደረሰ መሰላት። ሕፃኑ መነጫነጭ ጀመረ። ቀሰሟን ጥላ በሁለት እጇ አፉን አፈነችው። ፊቱ ቀላ፣ እግሩ ተንፈራገጠ።

«ልቀቂው!» ብዬ ጮኽኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ጮኼ አላውቅም። እጇን አስለቀቅኳት፣ ሕፃኑ ትንፋሹን ሳበና ቤቱን በለቅሶ ሞላው፤ ከዚያ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ለአባቷ ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ፣ ቁስቋም ግንብ ሥር የጠየቀችኝን፣ ቁልቁለቱ ላይ ዝም ያልኩትን። «ድምጿን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ጋሼ፤ እርስዎ አይደሉም።»

ጋሽ ዳና ሥራቸውን ካቆሙ ቆይተዋል። መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጡ።

«ልጅ ያወራል ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔን እንዴት እንደፈቱኝ ነግሬሽ አላውቅም» አሉ። «የቀበሌው ሰዎች እዚህ መጥተው እሷን ነው የጠየቋት። ከረሜላ ይዘው። ‹ቅዳሜ ቅዳሜ እነማን ይመጣሉ? ምን ይላሉ?› አሏት። አምስት ዓመቷ ነበር። ‹አባዬ ሸማ ይሠራል› አለች። ደግመው ጠየቋት፣ ‹አባዬ ሸማ ይሠራል› አለች። ከረሜላውንም በልታለች።» ሳቅ አመለጣቸው፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። «አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ ብርቄ፣ ልጅ ግን አታነቢም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የዋሸሽው እኔን ነው እንዴ?» በአገጫቸው ወደ ልጅቷ አመለከቱኝ።

መደቡ ላይ ከሠናይት አጠገብ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ጩኸት እንደማይጠላ፣ ያን ያልኩት ስለፈራሁ እንደሆነ፣ ቀስ የምንለው ሰዎች ሰምተው አባቷን እንዳያስሩብን እንደሆነ ነገርኳት። ቃል በቃል፣ ምንም ሳልቀንስ።

«ትክትኩስ?» አለች።

«ትክትክ በሽታ ነው። ከሌላ ልጅ ነው የተጋባበት። ባቢ ምንም አላጠፋም፣ አንቺም ምንም አላጠፋሽም።»

ባቢን ወደ ጉልበቷ አስጠጋችው።

«እና የምንፈራው ሰውን ነው? እሱን አይደለም?»

«ሰውን ብቻ ነው።»

የባቢን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

«ሰውማ ይሻላል» አለች።