ከሥሩ የተሰመረበት ስም

ዛሬ በድሮ የሥራ ባልደረቦቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰይድን ስም በቦልድ ብጽፈው ሰውየው ደነገጠ።

«ስሜን ምነው አደመቅሽው? ወላሂ ልቤን አጠፋሽው!» አለኝ።

ልጄ ጠዋት ስላስተማረችኝ ያገኘሁትን ሁሉ እያደመቅኩ ነበር። ድንጋጤው ግን ገባኝ፤ በእኛ ዘመን ተለይቶ የተጻፈ ስም ለደግ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ሰይድ ኮምቦልቻ መጋዘናችን ውስጥ ይሠራ ነበር። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ አለ፤ ቃለ ጉባኤውን የምመታው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሰይድ «ልጆቻችን ከግንባር የሚመለሱት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰብሳቢው ረቂቁን ሲሰጠኝ «የዚህን ሰው ስም ከሥሩ አስምሪበት፤ ለበላይ የሚሄድ ነው» አለኝ። የተሰመረበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

የሁሉንም ስም አሰመርኩበት፤ የሰብሳቢውንም ጭምር።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ጓድ፣ ስም ሁሉ የሚሰመርበት መስሎኝ ነው» አልኩት።

እንደገና እንዳልመታው የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ፣ አልቆ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ በዚያው ቀን መሄድ ነበረበት። እንደዚያው ተባዝቶ ሄደ፤ ማንም አልተጠራም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ እሱንም የመታሁት ራሴው ነኝ።

ዛሬ ይህን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ሰይድ መለሰልኝ፦

«አላህ ይስጥሽ። እኔ እኮ ያቺን ስህተትሽን ለሰው እያወራሁ ስስቅብሽ ነው የኖርኩት።»

በዚያ ዘመን ጸሐፊ የነበራችሁ፣ እናንተስ ሆን ብላችሁ የተሳሳታችሁት ነገር አለ? እስቲ አጫውቱኝ።