ጠፍቷል ያልኩት ድምፅ

አሁን እስከ አስፋልቱ ሮጬ ተመለስኩ። የኛ መኪና መብራት መስሎኝ ነበር፣ የዳቦ መኪና ነው። አባዬና እማዬ ከወጡ ስምንት ሰዓት ሆናቸው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው። የእማዬ ስልክ ዝግ ነው። የአባዬ ይጠራል፣ አይነሳም። እሱስ ድሮም አይሰማውም፣ እማዬ ግን አጠገቡ ናት። ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ነው የምጽፈው።

አባዬ መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፣ «ጆሮ» ነበር የሚሉት። መኪናው ገና በር ላይ ሳለ ምኑን እንዳመመው ይናገራል። ረጅም ካቻቪቴ አለችው፣ ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። እማዬ ትቀልድበት ነበር፣ የመኪና ሲሆን ካገር ማዶ ይሰማል፣ እኔ ስጠራው ድንጋይ ነው እያለች። እኛም እንስቅ ነበር። አምና አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣበት አምስት ሰው ጮኾለት አልሰማም። ለጥቂት ተረፈ። ባለጋራዡ እስቲ ቤትህ ትንሽ እረፍ አለው። ከዛ ወዲህ ያንን ቀልድ የቀለደ የለም።

ቤት ከዋለ ጀምሮ የራሳችንን አሮጌ መኪና ነው የሚነካካው። ሰሞኑን ሞተሩ ሲነሳ ከር ከር ይል ጀመር፣ ሰንሰለት ቆርቆሮ ላይ ሲጎተት እንደሚለው። የነገርኩት እኔ ነኝ። የሞተሩ ካቴና፣ ውስጡ ያለችው ሰንሰለት፣ ረግቧል አለኝ። እሷ ከተበጠሰች ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነ በቃ፣ ፈጣሪ ያውቃል አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ፈታ ገጠመ። የፊቱን ክዳን አወረደ፣ ምልክቶቹን በጠመኔ አስምሮ አዲስ ካቴና አስገባ። የካቴናው መወጠሪያ ግን የትም አልተገኘም፣ አሮጌውን አጥቦ መለሰው። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ አለቀ።

ዛሬ አስር ሰዓት ላይ አስነሳት። እማዬ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ ለእሷ የመኪና ድምፅ ሁሉም አንድ ነው። ነገ ጠዋት ከተማ ሐኪም ጋ ለዓይኗ ቀጠሮ አላት፣ ካለፋት ሌላው ስድስት ወር ነው። አባዬ ካቻቪቴዋን ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ከዛ ግራው ላይ። ዓይኑን አልጨፈነም። አፌን ነበር የሚያየው።

«አንቺ ልጅ፣ ጠፋ?»

ስለ ሞተር ሰው ጠይቆ አያውቅም። ድምፁ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። አልጠፋም ብዬ ብነግረው ጆሮህ አልቋል ማለቴ ነው፣ እንዴት ብዬ?

«ጠፍቷል አባዬ።»

ፊቱ በራ። ዘይት በነካው እጁ ፀጉሬን ዳበሰኝና «እኔም አልሰማሁትም» አለ።

እማዬን ደግፎ አስገባት፣ ዕቃቸውን ጫኑና አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። መኪናዋ ከር ከር እያለች ስትሄድ ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ያያል፣ እሱ እጁን ያውለበልብልኛል። ሮጬ ላስቆመው ፈለግኩ፣ ግን እኔም እጄን አውለበለብኩለት።

አሁን ፍሪጁ ሲነሳ እዘላለሁ። ደርሰው ተኝተው ይሆናል እላለሁ፣ ደግሞ መንገዳቸው ላይ ያለው ቁልቁለት ይመጣብኛል። እዚሁ ግቢ የሚኖረውን አጎቴን ልቀስቅሰው ብዬ ሁለቴ በሩ ጋ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ሆነሽ ቢለኝ መጀመሪያ የምነግረው መዋሸቴን ነው። ሊነጋ ገና ብዙ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም።