በሩን የምታውቀው እሷ ነበረች

ናዝሬት የነበርንበትን ቤት አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር ለራሱ የሠራው። አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወረሰ፣ ሰውየውም አገሩ ገባ። ከተጋባን በስድስተኛው ወር በቀበሌ በኩል ለእኛ ደረሰን። ከሳሎኑ ወደ ጓሮ በረንዳ የሚወጣው በአንድ ትልቅ የመስታወት በር ነው። እንደ ሌላ በር አይከፈትም፤ ወለሉ ላይ በተቀበረ ሀዲድ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከጠመኔ በቀር እጄ የሚያውቀው መሣሪያ አልነበረም። ባለቤቴ ነርስ ናት። አናጺ አባት ቤት ስላደገች ካቻቢቴና ፒንሳዋን ከመርፌና ክሯ ጋር በአንድ ሣጥን ታስቀምጣለች። በሩ ሲያስቸግር በጉልበቷ ደገፍ፣ በእጇ ቀና ታደርገውና እሺ ይላታል። እኔ ስገፋው ግን ባለበት ድርቅ ይላል።

«ስለምትታገለው እኮ ነው» ትለኛለች።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት አሰብ ተመደበች። ለአንድ ዓመት ነው ተባለ። ያን ጊዜ ተመድቦ «አልሄድም» የሚል አልነበረም። አውቶቡስ ተራ ስሸኛት ስለ በሩ አንድ ነገር ነገረችኝ። ፊቷን እያየሁ ስለነበር የምትለውን አልሰማሁም።

ናዝሬት ነፋስ አያጣትም። በጋው ሲገባ አቧራው ሀዲዱ ውስጥ ተጋገረና በሩ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። እኔም ተውኩት። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጋቢዋን ጥላው ሄዳለች፤ እሱንም ከቦታው አላነሳሁትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ደብተር አርማለሁ፣ ከዚያ እሷ እንደተወችው አድርጌ እመልሰዋለሁ።

አንድ እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌ ስብሰባ ዋለ። መቅረት አይቻልም፣ ሌባውም ይህን ያውቃል። ስመለስ የመስታወቱ በር ከሀዲዱ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም። ቁልፉን ሳይነካው በሩን ከውጭ ወደ ላይ አንስቶ ነው ያወጣው። ሬዲዮኑንና ጋቢውን ወስዷል። ለሬዲዮኑ አላዘንኩም።

ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን በሩን መለስነውና ቁም ሣጥኑን አስደገፍኩበት። ሳሎኑ ጨለመ። ወደ አሰብ ጭነት ለሚያመላልስ አንድ የሞጆ ሾፌር ደብዳቤ ሰጠሁት። «በሩ ተበላሽቷል፣ ሬዲዮኑም ተሰርቋል» ብዬ ጻፍኩላት። የጋቢውን ነገር ዘለልኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሾፌሩ መልስ ይዞልኝ መጣ። አራት ገጽ ነው፤ የበሩን ሥዕል ሁሉ በእስክሪብቶ ሥላበታለች።

«ከስሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉ» ይላል፤ «ችግሩ ከእነሱ ነው። ወደ ላይ አንሥተህ ስሩን ወደ ራስህ ሳበው። ብቻህን እንዳትሞክር፣ ወገብህን አውቀዋለሁ። ሀዲዱን በነጭ ጋዝ አጥበህ ሻማ ቀባው። ግራሶ ከቀባህበት አቧራውን ይሰበስባል። ከላይ ባለው ክፍተት ጣውላ አስገባበት፣ ያኔ ማንም አያነሣውም።»

መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል «እዚህ ባሕር አለ፤ አብረን ብናየው ኖሮ» ብላለች። ወንድ ልጅ የበር አጠጋገን ተጽፎለት ሲያለቅስ ያየ ሰው ምን ይለኝ ይሆን? አራቱንም ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት።

በነጋታው ደብዳቤውን ይዤ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ ሄድኩ።

«አካም ጅርታ፣ መምህር!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። ሥዕሉን መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይህን የሣለው የኛ ሙያ ሰው ነው።»

«ባለቤቴ ናት፣ አባባ። ነርስ ናት።»

«የት ነው ያለችው?»

«አሰብ።»

የእጃቸውን ዘይት በጨርቅ ጠራርገው «ቅዳሜ እኔ ራሴ እመጣልሃለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ በጋሪ መጡ። በሩን ለሁለት አንሥተን በረንዳው ላይ አጋደምነው። ጎማዎቹ ተበልተው አልቀዋል፤ እንደነሱ ያለ በከተማው አይገኝምና ከአሮጌ ሞተር ያወጧቸውን ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች በምትካቸው አስገቡ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሀዲዱን አጠብኩ፣ ሻማ ቀባሁ። ጣውላውን እሳቸው ለኩልኝ፣ የቆረጥኩትና የመታሁት ግን እኔ ነኝ። በመጨረሻም በሀዲዱ ልክ የተቆረጠ የብረት ዘንግ ሰጡኝ።

«ስትዘጋ ይህን ከውስጥ ታጋድማለህ። ከውጭ የሚገፋው የለም።»

እሳቸው ሲሄዱ በሩን በአንድ ጣቴ ገፋሁት። ሄደልኝ። መለስኩት፤ ደግሞ ገፋሁት። ዞር ብዬ «አየሽ!» ልል ስል ከኋላዬ ባዶ ወንበር ነው ያለው። በሩ ሲበላሽ ካዘንኩት ይልቅ በተጠገነበት ቀን ያዘንኩት ይበልጣል።

አንዱ ዓመት ሲያልቅ ሌላ ዓመት ተጨመረባት። የመጣችው ሳትነግረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የፊቱን በር አንኳኩታ ነበር፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልሰማሁም። በጓሮ ዞረች። ቀና ስል ከመስታወቱ ወዲያ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ፀሐዩ አጥቁሯታል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደምትል ግን አይሰማኝም። ዘንጉን ሳላነሣ በሩን ብገፋው እምቢ አለኝ። እሷ መስታወቱን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም።

ገብታ ትንሽ እንደተቀመጠች ወንበሩን አየችው።

«ጋቢዬስ?»

ነገርኳት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍልኝ ይህን ደበቅከኝ?»

«ካልነገርኩሽ የተሰረቀ አይመስለኝም ነበር።»

«እኔም ያልጻፍኩልህ አለ» አለች። ጥቂቱን በዓመታት ውስጥ ነገረችኝ። ቀሪውን አልጠየቅኳትም፤ ለብቻችን ያሳለፍናቸው ሁለት ዓመታት ተነግረው እንደማያልቁ ሁለታችንም ገብቶናል።

በዓመቱ እኔ ወደ ሁሩታ ተዛወርኩና ቤቱን ለቀበሌ አስረከብን። ሁሩታ የተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ደህና ቤት ነበር፤ መስኮቱ ግን ጠባብ ነው። ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታጥፍ ድንገት ታቆምና «አሁን እዚያ ቤት ብንሆን ፀሐዩ ሳሎኑ መሐል ደርሶ ነበር» ትለኛለች። ሰዓቴን አያለሁ፤ ልክ ናት።