ሰባት ቤት ስንቆጥር

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአባቴ ታላቅ እህት ከሐሙሲት መጥተው፣ ደብረ ታቦር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ነው። ሙሽሪት ዘመድ እንዳትሆን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አክስቴ የዘሩን ሐረግ በቃላቸው ያውቁታል፤ እኔ የተፈለግሁት ለመጻፍ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ስለ ዘር ውርስ ስለሆነ፣ ልማድ ሆኖብኝ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ ሳልኩ። የአያቴ ታላቅ ወንድም ላይ ስንደርስ ሳላስበው፣ "እኒህ በምን ሞቱ?" አልኋቸው።

"ጋብቻ ልንቆጥር ነው ተዝካር ልናወጣ?" ብለው ሳቁ። "በኪንታሮት ነዋ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ቢመላለሱም ደሙ አልቆመላቸው።"

"አያቴስ?"

"አባቴም በዚያው። ያንቺስ አባት ያው አይደል? ይኼ ለሙሽሪት ወገን አይነገርም፤ እንዳትጽፊው!"

ሦስቱም ሽበት ሳያወጡ ነው የሞቱት። በውርስ በሽታ የተያዘ ሰው ምልክት ስለሚጠቆር፣ የሦስቱንም አራት ማዕዘን አጠቆርኩት።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው የትልቁን አንጀት ካንሰር ነው። ከዲ ኤን ኤ ተገልብጠው ፕሮቲን የማይሠራባቸው፣ ድሮ ጥቅም የለሽ የተባሉ የአር ኤን ኤ ዓይነቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጂኖችን ይቆጣጠራሉ፤ ሥራቸው ሲዛባ የአንጀት ሕዋስ ያለ ልክ ሊራባ ይችላል። የተበላሸ ጂን ከወላጁ የወረሰ ሰው ደግሞ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህን ሁሉ ተማሪ ፊት ቆሜ አስረዳለሁ። እኔ ራሴ ግን ከሁለት ወር ወዲህ ደም እያየሁ፣ ኪንታሮት ነው ብዬ ቅባት ገዝቼ ዝም ብያለሁ። ለማን ልንገር? እናቴ የለችም። የከተማው ሆስፒታል ሐኪሞች ሁለተኛ ደረጃ አብረውኝ የተማሩ ወንዶች ናቸው።

አክስቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተመለሱ። ይዘው የሄዱት ምንም ሳላጠቁር የገለበጥኩላቸውን ንጹሑን ነው። የጠቆረው እኔ ዘንድ ቀረ። ከአባቴ ሥር የራሴን ክብ ሳልኩ። ላጠቁረውም አልደፈርኩ፣ ባዶውን ልተወውም አልሆነልኝም። ከጎረቤት ክፍል ሳቅ ይሰማል፤ ተነሥቼ በሩን ላንኳኳ አሰብኩና ተውኩት። ስለ አር ኤን ኤ የቱንም ያህል ባነብ፣ አንጀቴ ካልታየ ምንም እንደማላውቅ ገባኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆስፒታል ተሰለፍኩ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ቀና ሳይል፣ "ምንሽን ነው?" አለኝ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

"ስጸዳዳ ደም አያለሁ" አልኩ።

"አልሰማሁሽም።"

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። "አባቴም፣ አያቴም በዚሁ ነው የሞቱት" አልኩት።