ቀሚሱን አልሸጥልሽም ያሉኝ እናት

ዛሬ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ከሱቃቸው ቀሚስ አልሸጥልሽም አሉኝ።

ቅዳሜ የልጄ ኒካህ ነው። አማቾቻችን ፊት የምቆምበት ልብስ ገና አላገኘሁም ነበር።

ትናንት እዚሁ የምኖርበት ኮምቦልቻ አንድ አዲስ ቡቲክ ገብቼ ነበር። ሻጯ ልጅ ጨዋ ናት። የመለኪያውን መጋረጃ ሳልከፍተው «ውይ እናቴ፣ ሲያምርብሽ» አለችኝ። ምኑን እንዳየችው አላውቅም። ሳልገዛ ወጣሁ።

የዛሬዋ ባለሱቅ ግን፣ ለልጄ ኒካህ እንደሆነ ነግሬያቸው አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ፍርዱን ሰጡ።

«አውልቂው። ይሄን ለብሰሽ ከሄድሽ ካንቺ ቀድሞ ሆድሽ ነው የሚገባው።»

«እኔ እኮ ወድጄዋለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ብትወጂው እሱ አልወደደሽም። ወላሂ አልሸጥልሽም። ሰዉ ከየት ገዛሽው ሲልሽ የኔን ስም ልትጠሪ ነው?»

ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል። አፍሬ ልወጣ ስል እጄን ይዘው ሦስት ሱቅ አልፎ ወደሚገኝ ሌላ ነጋዴ ወሰዱኝ።

«ሰፋ ያለ አውጣላት፤ የሙሽራ እናት ናት» አሉት።

ቡናማ ቀሚስ ራሳቸው መርጠው አስለበሱኝ። ትከሻዬን ይዘው አንዴ አዞሩኝና «ደህና ነው» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ለራሳቸው ምንም አልሸጡም።

እኔም መስታወት ሳላይ ገዛሁት። ፌስታሉን ታቅፌ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ገባሁ።

እናንተስ፣ አልሸጥላችሁም ያለ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን ብሎ መለሳችሁ?