የሸዋሉል ዝናር

ሸዋሉልን አሶሳ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በተሠራ አንድ ፊልም ሙሽራ ሆና ስለታየች ሁሉም «የፊልሟ» ይላታል። ፊልሙን ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ዝናው ግን ለዚህ ከተማ በቂ ነበር። አዲሱ ክልል ተቋቁሞ የኪነት ቡድን ሲያስፈልገው መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት።

የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር በቡድኑ ቲያትር የዘማች እናት ሆነች። በየከተማው መድረክ ላይ ከተመልካቹ አንድ ጎረምሳ ትመርጥና ዝናር ታስታጥቀዋለች። «ጡቴን የጠባህ ከሆነ ሂድ!» ትለዋለች። ሕዝቡ ያለቅሳል። ጎረምሳው ከመጋረጃው ጀርባ ዝናሩን መልሶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ባምባሲ ላይ የመረጠችው ጂራታ ግን አልመለሰም። በሽማግሌ ፊት የታጠቁትን መፍታት ለእሱ ነውር ነበር። ከመድረኩ ወርዶ በቀጥታ ምልምሎች የተጫኑበት መኪና ላይ ወጣ። ሸዋሉል በሩጫ ደረሰችበት።

«አንተ! ዝናሩን አምጣ!»

«እማዬ፣ አስታጥቀሽ ልታስፈቺኝ ነው?» አለ። መኪናው ላይ ያሉት ሳቁ።

«እዚያ ሌላ ይሰጡሃል። ይሄ የፈረምኩበት የቡድኑ ንብረት ነው።»

ፈቶ ወረወረላት። ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ውረድ፣ ቲያትር እኮ ነው» አላለችውም። በማግስቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ወገብ ይጠብቃት ነበር።

ከሰላሙ በኋላ የጂራታ መርዶ መጣ። እናቱ ደጊቱ ከባምባሲ ተነሥታ የሸዋሉል በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ለቅሶው ላይ የማወጣው የእሱ ዕቃ የለኝም። ያለችውን ልብስ ለብሷት ሄደ። ሬሳም የለ። ያንን ዝናር ስጪኝ፣ እሱን ይዘን እናልቅስ።»

«ወገቡ ላይ የቆየው እኮ ለትንሽ ጊዜ ነው...»

«እናቱ ነኝ ብለሽ ላክሽው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሸዋሉል ወደ ጓዳ ገብታ ዝናሩን አመጣች።

በሳምንቱ በዓል ነበር። «የዘማቾች እናት!» ተብላ ስትጠራ ባዶ እጇን ወጣች። የቡድኑ ኃላፊ ከመድረኩ ሥር ሆኖ፣

«ዝናሩስ?» አላት።

«ለቅሶ ላይ ነው» አለች፣ ድምፅ ማጉያው ፊት።

ሕዝቡ የድርሰቱ ቃል መስሎት አጨበጨበ።

ግምገማ ተጠራባት። የመንግሥት ንብረት አጥፍታለች ተብላ ከቡድኑ ተባረረች። በግምገማው ላይ ስለ ዝናሩ ጠዋቱን ሙሉ ተወራ፤ የጂራታን ስም ያነሳ አልነበረም።